አማቴን ያዘልኩበት ክረምት

ቁርጭምጭሚቴ የዞረው ከጠጅ ቤት ስወጣ ነው። ስገባ ቢዞር ኖሮ ሰው ባዘነልኝ፤ ስወጣ በመዞሩ ግን ደብረ ማርቆስ ውስጥ ያየኝ ሁሉ ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፣ ምን ላርግ። ሃምሳን የተሻገረ ልብስ ሰፊ፣ ሆዱ ከሱ ቀድሞ የስፌት መኪናው ላይ የሚደርስ ሰውዬ፣ እንደ ዶሮ ባንድ እግሩ ቆሞ አጥር ሲደገፍ እኔም ባየው እስቅ ነበር። ያልሳቀችው ባለቤቴ የሺ ብቻ ነች። ዝም ብለህ ተቀመጥ ብላኝ ወጌሻ አስጠራች።

የመጣችው አለሚቱ ነች፣ የእማማ ዘውዴ ልጅ። እማማ ዘውዴ በዚህ አገር የተሰበረ የሚጠግኑ፣ የዞረ የሚመልሱ ወጌሻ ነበሩ፤ ሲሞቱ ሙያቸውን ለልጃቸው ትተው ሞቱ። አለሚቱ እግሬን ጭኗ ላይ አሳርፋ ከአንዲት ትንሽ ቅል ቅባት ቆንጥራ አወጣች። የበግ ላት ነው፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከጤና አዳም ጋር የቀለጠ። ሽታው አፍንጫዬ ሲገባ የጀመርኩት ቀልድ አፌ ላይ ቀረ። ያ ሽታ ከሃያ ምናምን ዓመት በፊት አንድ ክረምት ሙሉ ቤቴ ውስጥ ኖሯል። ከዚያ ወዲህ አሽትቼው አላውቅም።

ጣሊያን አገር ይዞ በነበረ ጊዜ ነው። ስንተኛው ዓመት እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ እኔ ዘመን የምቆጥረው በልብስ ነው። ካኪ የገባበት ዘመን በሉት። ካኪ ስቀደው የሚያሰማው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ የኛን ጥጥ መቀስ ሲያገኘው ዝም ይላል፣ ካኪ ግን ይጮሃል። ወንዱ ከጭኑ ሰፋ ከባቱ ጥብቅ ያለ ተፈሪ ሱሪ ያሰፋል፣ በላዩ ከየት እንዳመጣው የማይጠየቅ የወታደር ኮት ይደርባል። ሽማግሌዎቹ ከተማችንን ገና መንቆረር እያሉ ነበር የሚጠሯት። እኔ በሳምንት ሦስት ቀን ገበያው ጥግ፣ ከሐጂ ሰይድ ሱቅ በረንዳ ላይ የእግር መኪናዬን ተክዬ እሰፋለሁ። ሐጂ ሰይድ አቡጀዴና ጨው ይሸጣሉ፤ ከደብረ ኤልያስ የመጣ ገበሬ የጣሊያን የወረቀት ገንዘብ ሲሰጡት አገላብጦ አይቶ፣ ይኼ ደብዳቤ ከማን የመጣ ነው እያለ ይመልስላቸዋል። ጠገራ ብር ካልሆነ በርበሬውን ከትከሻው አያወርድም። ማዶ ከመኮንኖቹ ቤት ሸክላ ይዘፍናል፤ ቃሉ አይገባኝም፣ ምቱ ግን መኪና ለመርገጥ የተሠራ ይመስል ነበር። ዛሬም ሳላስበው እግሬ በዚያ ምት ይረግጣል። ጣሊያን ከአገር ወጣ ይባላል እንጂ ከቁርጭምጭሚቴ በታች ትንሽ ቀርቷል።

ጀግና ነበርኩ ብዬ አልዋሽም። በአንድ ክር ለጣሊያን ጸሐፊም ለአርበኛም ሱሪ ሰፍቻለሁ። የቀረውን የሳምንቱን ቀን ግን መንደሬ ነበርኩ፤ ከከተማው በእግር አንድ ሰዓት ነው፣ ከጨሞጋ ገደል አፋፍ ላይ። ከገደሉ ሥር ሰፊ ዋሻ አለ። ወታደር እየመጣ ነው ሲባል ጥሩምባ ይነፋል፣ ሰው ሁሉ ከአፋፉ ወደ ዋሻው ይወርዳል። ያልወረደ ከቤቱ ጋር ይቃጠላል። በክረምት ግን ወንዙ ስለሚሞላ፣ እንደኔ በግንድ ድልድይ የሚሻገር እግረኛ ካልሆነ ጓዝ የጫነ ወታደር አይወጣም፤ ክረምት የኛ ነበር።

በዚያ ክረምት መግቢያ ነው አማቴ አያ ታከለ የታመሙት። የየሺ አባት ናቸው፤ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ከኛ ጋር ይኖሩ ነበር። ጅራፍ በመግመድ የታወቁ ሰው ናቸው። የሳቸው ጅራፍ ሲጮህ ደምበጫ ድረስ ይሰማል ይባላል፤ ውሸት ነው፣ ግን ደስ የሚል ውሸት ነው። አንድ ሰኔ ጠዋት ሊገምዱ ተቀምጠው ጠፍሩ ከእጃቸው ወደቀ። ሊያነሱት ጎንበስ እንዳሉ በዚያው በቀኝ ጎናቸው ተጋደሙ። ከዚያ ወዲያ ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ አለ፣ ቀኝ እግራቸው አልታዘዝ አለ፣ አፋቸውም ወደ ግራ ተሰበሰበ። ግማሹ ሰው መጋኛ ነው አለ፣ ግማሹ የአውሮፕላን ድንጋጤ ነው አለ። ሲናገሩ ትኩስ ገንፎ የጎረሱ ይመስላሉ፤ ከቃል ሁሉ አጥርተው የሚያወጡት ሁለት ሦስት ቢሆን ነው።

እማማ ዘውዴ መጥተው እጃቸውን ከትከሻ እስከ ጣት፣ እግራቸውን ከዳሌ እስከ ተረከዝ በዚያ በላት ቅባት አሽተው አሽተው፣ ላባቸውን በነጠላቸው ጠርገው ቀና አሉ። ጎኑ አልሞተም፣ ተኝቷል ነው ያሉት፤ የተኛ ደግሞ ይቀሰቀሳል። ከዚያ ከወጌሻ አይቼው የማላውቀውን ነገር አየሁ። እኚያ ሴትዮ ወጥተው ድንጋይ ይለቅሙ ጀመር። ከቤታችን ደጃፍ ጀምረው እስከ ገደሉ አፋፍ ድረስ አስራ ሁለት ድንጋይ አቆሙ፣ ከአንዱ እስከ አንዱ ሠላሳ እርምጃ ያህል ይሆናል፤ እያንዳንዱንም በአመድ ቀቡት። በሳምንት አንድ ድንጋይ ማለፍ አለባቸው። መስከረም ወንዙ ሲጎድል፣ ጥሩምባው ሲነፋ፣ አያ ታከለ በገዛ እግራቸው አፋፉ ላይ ይደርሳሉ። ከአፋፉ በታች የሚያወርዳቸው ጎበዝ አይጠፋም። ለእጃቸውም ግራውን በነጠላ ቅዳጅ እሰርና ቆሎ በቀኛቸው ይልቀሙ፣ ጅራፍም ይግመዱ፣ ቢበላሽም የተበላሸ ጅራፍ ይግመዱ አሉኝ። ሲወጡ ደጃፉ ላይ ክንዴን ያዙኝ።

"አዳሙ፣ ስማኝ። አታጉርሳቸው። አትሸከማቸው። ሲወድቁ ብቻ ነው የምታነሣ።"

እሺ እማማ አልኩ። እሺ ማለት መቼ ይከብደኛል።

በዚያው ሰሞን የየሺ እህት ደብረ ኤልያስ ላይ መውለጃዋ ደርሶ የሺ ልታርሳት ሄደች። አባቴን ባንተ እጅ ብላኝ፣ አባቷን ጉልበታቸውን ስማ ሄደች። የዚያ መንገድ ወንዝ ሞላ፣ ቀጥሎ መንገዱን ወታደር ጠበቀው፣ እሷ እዚያ ቀረች፣ እኔና አማቴ ቀረን።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እውነቴን ነው ሞከርኩ። ከደጃፉ እስከ አንደኛው ድንጋይ ስንሄድ ጠላ ይጠነሰሳል፣ ይፈላል፣ ይጠጣል። ቀኝ እግራቸው መሬቱን ይጎትተዋል፣ ምራቃቸው ደረታቸው ላይ ይወርዳል፣ ላባቸው ከዝናቡ ይበልጣል። እኔ ጎናቸው እጄን አጣምሬ እሄዳለሁ። በሦስተኛው ሳምንት ሦስተኛው ድንጋይ ጋ እንደደረሱ ወደቁ። ላነሣቸው ጎንበስ ስል ውሃ ቀድታ የምትመለስ ጎረቤታችን እንስራዋን እንዳዘለች ቆመች።

"ምነው አዳሙ፣ አማትህን እንደ ወይፈን ትገራቸዋለህ?"

ይቺ ናት የገደለችኝ። እኔን ብትሰድበኝ ግድ የለኝም፣ ስድብ ለምጃለሁ፣ እንዲያውም ራሴ አሳምሬ እጨምርበታለሁ። ይኼ ግን ሌላ ነው። ሴት ልጁን ሰጥቶ ያከበረህን ሰው ጭቃ ላይ ሲንፈራገጥ ቆሞ ማየት! በማግስቱ እሑድ ነበር፤ ጎንበስ አልኩና አማቴን አዝዬ ቤተ ክርስቲያን ወሰድኳቸው። ወይ ምርቃት! ወንዱ ከመንገድ እየወረደ ያሳልፈኛል፣ ሴቱ እልል ማለት ሲቀረው ነው፣ ቄሱ ሳይቀሩ ወልደህ ታዘል አሉኝ። በሰው ቀልድ ሲሳቅብኝ ለኖርኩ ሰውዬ ምርቃት እንደ ጠጅ ነው፤ አንዴ ከቀመስክ ብርሌው አይቀመጥም። ሰኞም አዘልኳቸው። ማክሰኞም። አዝማሪ ሳይቀር ገበያ ላይ አየኝና ማሲንቆውን አነሣ፦

ሽማግሌ የሚጭን በቅሎ ነበር ድሮ፣
አማቱን አዘለ ጎበዙ ዘንድሮ።

ሰው ሳቀ፣ እኔም በኩራት ልፈነዳ ደረስኩ። በቅሎ መባሉን ምስጋና አድርጎ የሚወስድ ሰው ካያችሁ እኔ ነኝ።

ምሳ ላይም እንደዚያው ሆነ። ግራ እጃቸውን ማሰሩን ተውኩት። እሳቸው ደግሞ በግራ እጃቸው ከሚበሉ ቢርባቸው የሚመርጡ ሰው ናቸው፤ ስለዚህ በቀኛቸው ቁራሹን ያሳድዱታል፣ ይንሸራተታል፣ ያሳድዱታል። ጎረቤት ተቀምጦ ሲያይ እኔ እንዴት ዝም እላለሁ? ጠቅልዬ አጎርሳቸዋለሁ። አንዱን ሲውጡ ሌላውን። አንዳንዴ ጉርሻው አፋቸው ሲደርስ ከንፈራቸውን ገጥመው ያዩኛል። ጠግበዋል ብዬ ነበር።

ጅራፉንም ጀምረው ነበር። አንድ ስንዝር የማይሞላ፣ ጠማማ፣ የአይጥ ጅራት የመሰለ ነገር። የልብስ ሰፊ ጣት ሥራ ሲበላሽ ማየት አይችልም፤ ፈታሁትና ራሴ አሳምሬ ገመድኩት። እሳቸው ትይዩዬ ተቀምጠው ጣቴን ሲያዩ ዋሉ።

ከጀርባዬ ላይ ሆነው አንድ ቃል ነበረቻቸው። ከዚያ ሁሉ ገንፎ ንግግር መሃል ያቺ ቃል እንደ ደወል ጥርት ብላ ትወጣለች።

"አውርደኝ።"

"ደረስን አባቴ" እላለሁ።

"አውርደኝ።"

"ደረስን፣ ደረስን።"

በየቀኑ። ለሰው እንደ ጨዋታ ነበር የምነግረው፤ አማቴ እንዳይከብዱኝ እየተጨነቁ ነው እያልኩ።

እማማ ዘውዴ መጥተው ቢያዩ ኖሮ ባንድ ቀን ይነቃብኝ ነበር። ግን ከሐምሌ ወዲህ ጊዜ አልነበራቸውም፤ ጫካ ያሉ ቁስለኞች በድብቅ ያስጠሯቸዋል፣ ጥይት ሲያወጡ አጥንት ሲያስሩ ነው የሚሰነብቱት። በሳምንት አንዴ በአጥራችን ሲያልፉ ቆም ብለው ስንተኛው ጋ ደረሱ ይሉኛል። የመጀመሪያ ጊዜ አራተኛው አልኳቸው። በሚቀጥለው ሳምንት አምስተኛው ማለት ነበረብኝ፤ ድንጋዩ ባይንቀሳቀስም ውሸቱ በሥርዓት በሳምንት አንድ አንድ ይራመዳል። ስትሸከማቸው አየሁ የሚል ሰው አለሳ ሲሉኝ፣ እሱ ለክብር ነው እማማ፣ በጠዋት ሰው ሳይነሣ ግን በእግራቸው ነው የምናለማምድ አልኳቸው። የገመድኩትን ጅራፍም የሳቸው ሥራ ነው ብዬ አሳየሁ። እማማ ዘውዴ ጅራፉን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳቡት፣ አልላላም፤ ዓይናቸው ውሃ ሞላ። ይኼን ያህል ዓመት አሽቼ እንዲህ ያለ እጅ ተመልሶ አላየሁም ነው ያሉት። ያን ጊዜ እንኳ አፌ አልተከፈተም። በጳጉሜ አስራ ሁለቱንም ጨርሰዋል አልኳቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከተማ ውዬ ስመለስ አንዳንድ ቀን የአማቴ እግር እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ሆኖ አገኘዋለሁ። ለሽንት ወጥተው ነው ብዬ አጥብላቸው ነበር፤ ደግሞም እቆጣለሁ፣ እኔ እስክመጣ አይጠብቁም ወይ እያልኩ። 

መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ በገበያ ቀን፣ እኔ ሐጂ ሰይድ በረንዳ ላይ የጸሐፊውን የካኪ ሱሪ ስቀመቅም ጥሩምባው ተነፋ። ከተማ ድረስ አይሰማም፤ የሆነውን ሁሉ ኋላ የነገሩኝ ነው። መንደሩ ውስጥ የነበረው አንድ በቅሎና ሁለት ጎበዝ ብቻ ነው፣ ሌላው ወንድ ጫካ ነበር። ማን ማንን ይሸከም የሚለውን እማማ ዘውዴ ቆመው አከፋፈሉ። በቅሎዋን ለአራስ፣ ጎበዞቹን ዓይናቸው ለጠፋ ቄስና ለአንዲት አሮጊት። አያ ታከለስ ሲባል፣ ይሄዳሉ እንጂ፣ አስራ ሁለቱን ጨርሰው የለም ወይ አሉ። በትር አስይዘው ከሰው ሁሉ አስቀድመው ደጃፉ ላይ አቆሟቸውና አሮጊቷን ሊያነሡ ተመለሱ። ወዲያው ከላይኛው ሰፈር ጭስ ተነሣ፣ ተኩስ ተሰማ፣ ሰው በየአቋራጩ ወደ ገደሉ ተበተነ። አያ ታከለ ቀድመው ወርደዋል ብሎ ሁሉም አመነ። ዋሻው ውስጥ ሲቆጠር አንድ ሰው ጎደለ።

በማግስቱ ጠዋት ወታደሩ አልፎ ስደርስ ቤቴ አመድ ነው። ድንጋዮቹ ግን ቆመዋል። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያልኩ ሄድኩ፤ ከሦስተኛው ቀጥሎ እያንዳንዱ ጋ ስደርስ እዚህ ነው የማገኛቸው እያልኩ። አልነበሩም። አስራ አንደኛውን አልፈው ነበር። በግንባራቸው ወደ ገደሉ ተደፍተው፣ በትሩ በቀኝ እጃቸው፣ በቀኛቸው፣ ጨብጠውት። ከአስራ ሁለተኛው ድንጋይ የሚለያቸው የአንድ አልጋ ርዝመት ቢሆን ነው።

ያጠብኳቸው እኔ ነኝ። ጥይት አልነካቸውም፤ ልባቸው ነው ያቆመው። እና ሱሪያቸውን ሳወልቅ አየሁት። ሱሪውን የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ ስፌቱን በጨለማ አውቀዋለሁ። ሰው ዳዴ ብሎ፣ ተጎትቶ ከሄደ ቀድሞ የሚያልቀው ጉልበቱ ነው፤ ይኼን ልብስ ሰፊ ያውቃል። የአማቴ ሱሪ ጉልበቱ ላይ አንድ ክር እንኳ አልተፋቀም። ያለቀው የቀኝ እግሩ ጫፍ ነው፣ የሚጎትቱት እግር። ቆመው ነው የሄዱት። ሦስት ድንጋይ ብቻ ያስኬድኳቸው ሰውዬ አስራ አንዱን ቆመው ነው የሄዱት። ያ የእግራቸው ጭቃ ገባኝ። እኔ የሌለሁ ቀን እየተለማመዱ ኖረዋል፤ እኔ ስመጣ ነው ሽባ የሚሆኑት።

እማማ ዘውዴ ከኋላዬ ቆመው ነበር። ዓይናቸው ደም መስሏል።

"ጥፋቱ የኔ ነው አዳሙ። የሰው ጉልበት ማወቅ ትቼ ኖሯል። ይቅር በለኝ።"

እዚያች ላይ መናገር ነበረብኝ። አፌን የሚያህል አፍ በጎጃም የለም፣ ለቅሶ ቤት ሰው የሚያስቅ አፍ ነው፤ ዝም አለ። ይባስ ብዬ፣ የእግዜር ፈቃድ ነው እማማ አልኳቸው። የሺ ስትመጣም ያንኑ ነገርኳት። አልጮኸችም። አስራ ሁለቱን ድንጋዮች አንድ በአንድ እየዞረች በእጇ ነካካቻቸው፣ አበቃ።

እንግዲህ ይኼን ሁሉ ያመጣው የላት ሽታ ነው። አለሚቱ ቁርጭምጭሚቴን እያሸች፣ ጋሼ ዛሬ ተራመዱ ወይ አለችኝ። ምላሴ ከልማዱ አዎ ሊል ተነሣ። ነክሼ ስይዘው ጨዋታ ልትፈጥርልኝ ብላ ነው መሰለኝ ስለ እናቷ አወራችልኝ። እናቷ ድሮ በድንጋይ ሰው ማስኬድ ያውቁ ነበር አሉ። አንድ ሽማግሌ ሞተውባቸው ተዉት። ከዚያ ወዲያ ጎኑ የተያዘ ስንት ሰው በቃሬዛ ሲመጣላቸው ቅባት ቀብተው ይመልሱታል፤ ድንጋይ አቁሙልን እያሉ ቤተሰቦቹ ሲለምኗቸው፣ እኔ በድንጋይ ሰው ገድያለሁ እያሉ ያለቅሱ ነበር። በተኙበት የቀሩት ብዙ ናቸው አለችኝ። እሷም ድንጋዩን አልተማረችም።

ያን ጊዜ ነገርኳት። ከሦስተኛው ድንጋይ ጀምሬ፣ ጅራፉን፣ አውርደኝ የምትለዋን ቃል፣ የሱሪውን ጉልበት፣ ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ሁሉ። ቀልድ አልጨመርኩበትም፤ ሳትጨምር መናገር እንዴት ያለ ከባድ ነገር ነው። የሺ ጓዳ ነበረች። የምስር መልቀሚያ ሰፌዷ ሲንሿሿ ይሰማኝ ነበር፤ መሃል ላይ መንሿሿቱን አቆመ።

አለሚቱ የቅባቱን ቅል ከደነችው።

"እናቴ ይኼን ሳትሰማ ሞተች" አለች።

"አውቃለሁ።"

"ድንጋዮቹን በስንት በስንት እርምጃ ነበር የምታቆማቸው?"

ሠላሳ ያህል አልኳት። ተነሥታ እጇን ተጣጠበችና ወጣች። ግቢው ውስጥ ድንጋይ መሬት ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ። ጥቂት ዝም ይልና ሌላ ድንጋይ። የኔ ግቢ ያን ያህል ሰፊ አይደለም፤ ከደጃፉ በአጥሩ በር ወጥታ እስከ ዋናው መንገድ ነው ያቆመቻቸው፣ ሰው ሁሉ እንዲያየኝ አድርጋ። የሺ ከጓዳ አልወጣችም። ራት ላይ ጉርሻ አልሰጠችኝም፤ ሌላ ቀን አንድ ሳታጎርሰኝ አትውልም።

ይኼ በሆነ በአራተኛው ቀን በትሬን ይዤ መንገድ ወጣሁ። ወለምታ ከሽባነት ጋር አይወዳደርም፤ ግን ሆዴ ወዲህ፣ እግሬ ወዲያ፣ ላቤ በጆሮዬ ሥር። ሦስተኛው ድንጋይ ጋ ስደርስ ልጃችን ከትምህርት ቤት ሲመለስ አየኝ። አስተማሪ ነው፣ ቁመቱ እንደ ባሕር ዛፍ፣ ልቡ እንደ ቅቤ። ምነው አባዬ፣ ሰው እያየ ብሎ በትሬን ነጠቀኝና፣ እኔን የሚያህል ጆንያ ጎንበስ ብሎ በጀርባው አነሣኝ። መንገደኛው ቆመ። አንዲት ሴት ከአህያዋ ኋላ ሆና መረቀችው። ጀርባው ሲሞቅ፣ ትከሻው ሲኮራ ከላዩ ሆኜ ተሰማኝ፤ ያንን ኩራት እኔ አውቀዋለሁ። ልናገር አፌን ከፈትኩ። አውርደኝ የምትለዋ ቃል ግን አልወጣ አለች። እኔ ያቺን ቃል ልናገራት የምችል ሰው አይደለሁም።

የሺ ከአጥሩ በር ላይ ቆማ ነበር። መቼ እንደወጣች አላየሁም። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ መልሳ ልጇን ሳይሆን እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

"አውርደው" አለችው።

"ደረስን እኮ እማዬ።"

"አውርደው።"

ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ መልሶ አወረደኝ። ከሦስተኛው ድንጋይ አጠገብ፣ ካነሣኝ ቦታ። የሺ ተከትላን መጥታ በትሬን ከእጁ ተቀብላ ሰጠችኝና ጥላኝ ሄደች፤ ወደ ቤት ግን አልገባችም። እስከ መጨረሻው ድንጋይ ሄዳ እሱ አጠገብ ቆመች፣ ፊቷን ወደኔ አዙራ።